የሞላሁት ካርድ

ጆሀንስበርግ፣ ትሮይቪል የተከራየሁት ክፍል ከጎረቤቴ ክፍል የሚለየው በኮምፔንሳቶ ነበር። ኮምፔንሳቶ መጋረጃ ነው እንጂ ግድግዳ አይባልም። ጎረቤቴ ስታስነጥስ እኔ ከወዲህ «ይማርሽ» እላለሁ፤ እሷ ከወዲያ «ያኑርሽ» ትላለች። እኔ ሳስነጥስም እንደዚያው። ሎክዳውኑ በጠናበት ሰሞን ፊት ለፊት ሳንተያይ፣ በማስነጠስ ብቻ ደኅንነታችንን ተጠያይቀን የዋልንበት ቀን አለ።

ጎረቤቴ የሆሳዕና ልጅ ናት፤ ፀጉር ሠሪ። ፀጉር ቤቶች ይዘጉ ሲባል ሥራዋን ጠቅልላ ወደ ክፍሏ አመጣችው። ደንበኞቿ ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አንጠልጥለው በጓሮ በር ሹልክ ይሉና አልጋዋ ጫፍ ላይ ይደረደራሉ። ፀጉር ደግሞ በዝምታ አይሠራም። ማን ከባሏ እንደተኳረፈች፣ በሎክዳውኑ የተከለከለው ሲጋራ በድብቅ የት እንደሚሸጥ፣ የማን ለቅሶ ላይ ማን እንደቀረች፣ ሁሉም በኮምፔንሳቶው አልፎ ይደርሰኛል። ልስማ ብዬ አይደለም። ጆሮ መክደኛ የለውም።

እኔ ደግሞ ተማሪ ነበርኩ። እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሲያደርሱ እኔ ራሴን ያደረስኩ ሴት ነኝ። የማታ ትምህርቴን እዚሁ አገር ጨርሼ፣ ማትሪክ የሚሉትን ፈተና ጎረምሶች መሐል ተቀምጬ አልፌ፣ በርቀት ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ቀን ቀን መሐል ከተማ፣ ያገሬ ልጆች በሚነግዱበት ጄፒ ላይ፣ ብርድ ልብስ በጅምላ ለሚሸጡ ሐጂ ሂሳብ እይዛለሁ። የቀረው ጊዜዬ የመጽሐፍ ነው።

ከወረርሽኙ በፊት ፈተና የምንፈተነው አዳራሽ ገብተን ነበር። ያን ዓመት ፈተናው ራሱ ቤታችን መጣ። ስልክ ላይ የሚጫን አንድ ተቆጣጣሪ ፕሮግራም ሰጡን፤ ፈተናው ከተጀመረ እስከሚያልቅ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ድምፅ ይቀዳል። ሌላ ሰው ካናገረን ይሰማል ማለት ነው።

የፈተናው ዕለት ጎረቤቴን ለመንኳት።

«ዛሬ ዲዳ ነኝ በቃ፣ ዶክተር» አለችኝ። ዶክተር የምትለኝ መጽሐፍ ከእጄ ስለማይለይ ነው።

ቃሏን ጠብቃለች፤ እስከ አጋማሹ። ከዚያ አንዲት የሶዌቶ ደንበኛዋ መጣች፤ የቅጥያ ፀጉር ቀለም መምረጥ አቅቷት ታወላውላለች። የቅጥያ ፀጉር ቀለም የሚጠራው በቁጥር ነው፤ ጥቁሩ የራሱ ቁጥር አለው፣ ቡናማውም የራሱ። ጎረቤቴ ዲዳነቷን ረሳችና ለደንበኛዋ በሚገባት እንግሊዝኛ ጮኸች፤ «ሲሲ» እዚህ አገር እኅቴ ማለት ነው፦

«ነምበር ቱ፣ ሲሲ! ነምበር ፎር ይቅርብሽ! ያንቺ ነምበር ቱ ነው!»

ፈተናው የምርጫ ጥያቄ ነበር።

የባሰው ደግሞ፣ በዚያች ደቂቃ የደረስኩበት ጥያቄ መልሱ ሁለተኛው መሆኑ ነው። አውቄው፣ በራሴ ጭንቅላት መርጬው ነበር። ማን ያምነኛል?

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ዩኒቨርሲቲው ጻፈልኝ፤ «ነምበር ቱ» የምትለዋ ድምፅ የማን እንደሆነች አስረጂ አለኝ። አስረዳሁ። የሁለት ቅጥያ ፀጉር ማሸጊያ ፎቶ አንሥቼ፣ ቁጥራቸውን በቀይ አክብቤ አያያዝኩ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ የተጠነቀቅኩበት ድርሰት የለም። አመኑኝ። ግን መልሳቸው መጨረሻ ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፦ ሁለተኛ ጊዜ የሌላ ሰው ድምፅ ከተሰማ ጉዳዩ ወደ ዲሲፕሊን ይሄዳል፣ ፈተናውም ይሰረዛል፣ ከትምህርቱም እስከ መባረር ይደርሳል።

ጎረቤቴ እያለቀሰች ይቅርታ ጠየቀችኝ። ቀጥላም፣ «ግን ነምበር ቱ አምሮባታል» አለች።

በዚህ ምክንያት ቤት ፍለጋ ወጣሁ። የአገር ልጅ ቤት ያለብዙ ጥያቄ ይገኛል፤ ግን አንዱን ክፍል ሦስት የሚያደርገው ያው ኮምፔንሳቶ ነው። እኔ የምፈልገው ጡብ ነው። ኬንሲንግተን ላይ፣ ከትሮይቪል በእግር የሚደረስበት፣ አንድ ክፍል ከነማብሰያው አገኘሁ። የቤት ኤጀንቷ ስለ መስኮቱ ስትነግረኝ እኔ ግድግዳውን በጣቴ እያንኳኳሁ ነበር። ደፍን ነው።

«ሌላው ሰው ቴሌቪዥን የት እንደሚሰቀል ነው የሚጠይቀኝ» አለች ኤጀንቷ። «አንቺ ሐኪም የበሽተኛ ደረት እንደሚመታው ትመቺዋለሽ።»

«ጤነኛ ነው» አልኳት።

ቢሮዋ ሄደን የመኖሪያ ወረቀቴን፣ የደመወዜን ማስረጃ ሰጠኋት። ሁሉም የተሟላ ነው፤ እኔ የጎደለ ወረቀት ይዤ ሰው ፊት አልቆምም። ኮምፒውተሯን ነካካች፤ ፊቷን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች፤ እንደገና ነካካች።

«ሲሲ፣ ኮምፒውተሩ አያውቅሽም።»

«ዕዳ የለብኝም ማለት ነው?»

«አይደለም። ዕዳ የሌለበትን ሰው ያውቀዋል፤ ተበድሮ ከፍሏል ይላል። አንቺ ተበድረሽም አታውቂ። ክሬዲት ሬከርድ የለሽም። ለኮምፒውተሩ የለሽም።»

«ይኸው ፊትሽ ቆሜ?»

«ኤይሽ፣ ሲሲ።»

በአማርኛ «የለችም» የሚባለው ወጣ ላለ ሰው ነው፤ ወይም ለሞተ ሰው። በጠራራው ፀሐይ ወደ ሥራዬ ስመለስ ከሁለቱ የትኛዋ እንደሆንኩ እያሰላሰልኩ ነበር። እናቴ እኮ ክብሪት በዱቤ አምጥታ እንኳ እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት ነበረች። ሠፈራችን ሱቅ ግድግዳ ላይ «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይኖራል» የሚል ተለጥፎ ነበር፤ እኔ ማንበብ የተለማመድኩት በዚያ ነው። እንግዲህ አለመበደር ነውር የሆነበት አገር መጣሁ።

ሐጂ ነገሩን ስነግራቸው ከብርድ ልብሱ ክምር ላይ ተነሡ።

«ዋስ ነው የጠየቀችሽ?»

«ዋስ አይደለም ሐጂ፤ ሬከርድ ነው።»

«ሬከርድ ማለት ምንድን ነው? ‹ይህችን ሰው አውቃታለሁ፣ ታማኝ ናት› የሚል ነው አይደል? እሱ እኮ ዋስ ነው። ነይ እንሂድ።»

«ሐጂ፣ እዚህ አገር እንደዚያ አይደለም…»

«አንቺ ልጅ፣ መጽሐፍሽን ትተሽ ነይ!»

ነጭ ቆባቸውን አስተካክለው፣ አዲስ ማስክ አድርገው ኤጀንቷ ፊት ቆሙ። «እኔ ዋስ ነኝ» አሉ፤ ቃሉን ከአማርኛው ወደ እንግሊዝኛ ሳይገለብጡት፣ «አይ አም ዋስ» ብለው። እኔ ተረጎምኩ። ኤጀንቷ በአክብሮት «ባባ» ብላ ወረቀታቸውን ተቀበለች፤ ኮምፒውተሯን ነካካች፤ ፊቷን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች። ያቺን አስተያየት አወቅኳት።

«ባባ፣ እርስዎንም አያውቅዎትም።»

«እኔን?» አሉ ሐጂ። «ክሊፕታውን ሂጂና ጠይቂ! ኮዝሞ ሲቲ ሱቅ ያላቸውን ሁሉ ጠይቂ! በእኔ ቃል ኮንቴነር ሙሉ ብርድ ልብስ ይራገፋል! ወላሂ፣ ፊርማ እንኳ የለውም!»

ያሉት እውነት ነበር። ችግሩም እሱው ነበር፤ ሐጂን ሰው ሁሉ የሚያምናቸው በቃላቸው ነው፣ ቃል ደግሞ ኮምፒውተር ውስጥ አይገባም። ኤጀንቷ እሷ እንደምታምናቸው፣ ስክሪኑ ግን እንደማያምን በጣም በትሕትና ነገረቻቸው። ልንወጣ ስንል እኔን ጠራችኝ። ባንኮች እንዳንቺ ላለ ሰው የሚሰጡት ካርድ አለ፤ የራስሽን ገንዘብ መያዣ ታደርጊና በዚያው ልክ ያበድሩሻል፤ እየተበደርሽ በወቅቱ ስትከፍዪ ሬከርድ ይወጣልሻል፤ ያኔ ተመለሺ አለችኝ።

በሐጂ መኪና ተመለስን። ጄፒ ልንደርስ ስንል፣

«እንግዲህ ሁለታችንም የለንማ» አሉ።

«የለንም፣ ሐጂ።»

«ለሌለ ሰው ደመወዝ ይከፈላል?»

«የሌለ ሰው ከሆነ የሚከፍለው ምን ገዶት።»

እዚያው መሪውን ይዘው ዓይናቸው እስኪያነባ ሳቁ።

ካርዱን እንዲህ በዋዛ አልመረጥኩም። ሦስት ባንክ ዞርኩ፤ መሬት ላይ በተለጠፈው ምልክት ላይ ቆሜ፣ እጄን እያስታጠቡኝ። አስቀድሜ ግን መዝገበ ቃላት ገልጬ ነበር። ካርዱ «ሴኪዩርድ» ይባላል፤ መዝገበ ቃላቴ «የተጠበቀ፣ አስተማማኝ» ይላል። ለጎረቤቴ፣ «ከሌባ የተጠበቀ ካርድ ነው» አልኳት። «ለዚህ ከተማስ እሱ ነው የሚያስፈልገው» አለች። ይህንኑ ማወቄን ለመጀመሪያው ባንክ ሠራተኛ ገለጽኩለት። ከፕላስቲክ ከለላው ጀርባ ሆኖ፣ ከማስኩ በላይ ዓይኖቹ ፈገግ አሉ።

«የተጠበቅነው እኛ ነን፣ እመቤት» አለኝ። «ከአንቺ።»

ባትከፍዪ ከመያዣሽ ላይ እናነሣለን ማለቱ ነው። አልተቀየምኩም። ቃሉን በትክክል የተረጎመልኝ እሱ ነው።

የዚያ ባንክ መያዣ ግን ካለኝ ሁሉ ይበልጥ ነበር። ሁለተኛው ባንክ መያዣው ቀላል ሆኖ የዓመቱ ክፍያ ከበደ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ «በየወሩ ስከፍል ሬከርድ ለሚይዙት መሥሪያ ቤቶች ታሳውቁልኛላችሁ?» ብዬ ስጠይቅ ሠራተኛዋ ጓደኛዋን ጠየቀች፣ ጓደኛዋም ጓደኛዋን፤ የሚያውቅ ጠፋ። ካላሳወቁልኝ እኔ ምን ሠራሁ? ማንም በማይሰማበት መዘመር ነው። ሦስተኛው ባንክ አዎን፣ በየወሩ እናሳውቃለን አለኝ፤ የት ላይ እንደተጻፈም አሳየኝ። የስምምነቱን ወረቀት ወንበር ለምኜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩት። አንድ የፊደል ግድፈት አገኘሁና ለሠራተኛው ጠቆምኩት። አመሰገነኝ፤ ደስ ያለው ግን አልመሰለኝም። «ይህን የሚያነብ ሰው አይቼ አላውቅም» አለ።

መያዣውን አስቀመጥኩ፤ ለሚቀጥለው ዓመት ትምህርት ካጠራቀምኩት ነው። ካርዱ ሲደርሰኝ ስሜ በፊደላት ተቀርጾ ወጥቶበት ነበር፤ በጣቴ ዳበስኩት። ቢያንስ ፕላስቲክ ላይ አለሁ።

አሁን ወደ ጥፋቴ እመጣለሁ።

እኛ አገር ካርድ ምን እንደሆነ አንባቢ ያውቃል። ካርድ ይፋቃል፤ ስልክ ላይ ይሞላል፤ ሲያልቅ ደግሞ ይሞላል። «ካርድ ሙላልኝ» ብሎ ያልለመነ ማን አለ? ጆሀንስበርግም ብሆን ልማዴን የሚያፈርስ ነገር አልገጠመኝም፤ እዚህ መብራት እንኳ አስቀድሞ ነው የሚሞላው። ስለዚህ እኔ አስቤበት ሳይሆን እጄ ለምዶት ካርዱን ሞላሁት። ዳቦና ወተት ልገዛ ስወጣ መጀመሪያ ከባንክ ሂሳቤ ወደ ካርዱ አዛውራለሁ፤ ከዚያ ሱቅ ገብቼ በካርዱ እከፍላለሁ። ሁልጊዜ ከምገዛው ትንሽ አስበልጬ። ዕዳ ለአንዲት ሌሊት እንኳ አብራኝ አላደረችም። ያን ሁሉ ወረቀት አንብቤ፣ «መበደር» የሚለውን ቃል ብቻ አልፌው ሄድኩ፤ ለእኔ መበደር ማለት ባለጌ የሚያደርገው ነገር ነበርና ዓይኔ አልቆመበትም።

ጎረቤቴ ከማዶ ትጠይቀኛለች፦

«ዶክተር፣ ካርድሽን ሞላሽ?»

«ሞላሁ።»

«ለስንት ደቂቃ ያስወራል?»

ደንበኞቿ ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ፤ በውስጤ ግን ኮርቻለሁ። እንደኔ ካርዱን አጥርቶ የያዘ ሰው በከተማው አለ ብዬ አልገመትኩም።

የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ደረሰ። ሐጂ መጋዘናቸውን ሰጡኝ፤ እሑድ ነው፣ ጄፒ ተዘግቷል። ዙሪያዬን እስከ ጣሪያ ብርድ ልብስ ተከምሮ፣ በመሐሉ በቆርቆሮ በርሜል ላይ ተፈተንኩ። እንደ ብርድ ልብስ ድምፅ የሚውጥ ነገር የለም፤ ችግሩ እኔንም ሊውጠኝ ምንም አልቀረው። ወሩ የበጋ መግቢያ ነው። ላቤ መልሱ ላይ እየተንጠባጠበ ጨረስኩ። በማግስቱ ሐጂ አዲስ ዕቃ ሊገባ እንደሆነና መጋዘኑ ውስጥ ከእንግዲህ ድመት እንኳ ማስቀመጫ እንደማይኖር ነገሩኝ። ስለዚህ ለሚቀጥለው ፈተና ቤት የግድ ነው።

አዲሱ ዓመት ሲገባ ኤጀንቷ ዘንድ ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ። ካርዴን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩላት፤ አስፈላጊ አልነበረም፣ ግን አስቀመጥኩት። ስክሪኑን አየች።

«ጎሽ፣ አሁን ያውቅሻል» አለች። «ካርድ አላት ይላል።»

«ይኸው!»

«ግን ተጠቅማበት አታውቅም ይላል።»

«ምን ማለት ነው? በየሳምንቱ እጠቀምበታለሁ!»

«ሲሲ፣ እኔ እዚህ የማየው ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ ነው። ባንክሽን ጠይቂ።»

ቢሮዋ በር ላይ ቆሜ ባንኩ ዘንድ ደወልኩ። ስልኩን ያነሣችው ሴት ድምፀ መልካም፣ ትዕግሥተኛ ናት። ሂሳቤን ተመለከተችና እንዲህ አለችኝ፦

«እመቤት፣ ከእኛ ምንም ተበድረሽ አታውቂም። አስቀድመሽ ነው የምትከፍዪው። እንዲያውም ካርዱን ካወጣሽ ጀምሮ ባለዕዳዎቹ እኛ ነን።»

«ባንኩ? የእኔ?»

«አዎን። በአሁኑ ሰዓትም ትንሽ ገንዘብ አለብን።»

እንግዲህ ያን ሁሉ ወር ባንኩን ሳበድረው፣ የባንኩን ታማኝነት ስፈትን ከርሜያለሁ ማለት ነው። የእኔን ሬከርድ ላወጣ ሄጄ የእሱን አወጣሁለት። ሂሳብ ያዥ ነኝ እኮ! ሰው ቢጠይቀኝ የዕዳና የሀብት ዓምድ በየት በኩል እንደሚጻፍ ተኝቼም አልስትም። ሴትዮዋ ግን አልሳቀችብኝም። ትንሽ ትንሽ ግዢ፣ መግለጫው እስኪመጣ ተዪው፣ ከመክፈያው ቀን በፊት ግን ሙሉውን ክፈዪ፤ ያኔ ወለድ የለብሽም አለችኝ። «ተዪው» የምትለዋን ቃል ደጋግማ ነው ያለችው። ያወቀችኝ ይመስለኛል።

ለሐጂ ሳወራላቸው አንዲቷን ነገር ብቻ ያዙ።

«ወለድ የለውም?»

«ቀኑ ሳያልፍ ሙሉውን ከከፈልኩ የለውም።»

«ታዲያ ይሄ እኮ ዱቤ ነው!» ብለው ጠረጴዛውን መቱ። «ዛሬ ውሰድ፣ በወሩ ክፈል። ጄፒ በሙሉ የሚኖረው በዚህ አይደለም እንዴ? ዱቤ ነው ብትዪኝ ኖሮ የመጀመሪያውኑ ቀን አስረዳሽ ነበር።»

«የራሴን ገንዘብ አስይዤ የምወስደው ዱቤ፣ ሐጂ።»

«እሱ ነው እብደቱ። ለራስሽ ራስሽ ዋስ ሆንሽ ማለት ነው።» ትንሽ አሰቡና፣ «ምን ታደርጊ፤ ዋስሽ የነበረው ሰው የለም ተባለ» አሉ።

ዕዳን ማሳደር እንደ ሶምሶማ ሩጫ ልምምድ ይጠይቃል። መጀመሪያ የተበደርኩት የእጅ መታጠቢያ ሳሙና ነው። ከሱቁ ስወጣ የሰረቅኩ መስሎኝ ገንዘብ ተቀባይዋን ዞሬ አየኋት። ቤት ገብቼ ስልኬን አነሣሁ፣ ልሞላው፤ አስቀመጥኩት። መጽሐፍ ገለጥኩ፤ ገጹ ላይ ሳሙናው ይታየኛል። ከማዶ ያለችው ደግሞ ትንፋሼን ሳይቀር ታውቃለች።

«ዶክተር! ስልኩን ተዪው!»

«አልነካሁትም።»

«ነክተሽዋል፣ ሰምቻለሁ።»

ከዚያ በኋላ የጧት ሰላምታችን ተቀየረ። «እንዴት አደርሽ» ቀረና፣ «ዕዳሽ እንዴት አደረ?» ሆነ። «ደኅና አድሯል» እላለሁ። «አደገ?» «አላደገም፤ እንዳለ ነው።» «እሰየው። ሰላም በይልኝ።» ደንበኞቿ ሳይቀሩ ለመዱት፤ አንዷ የሶዌቶ ሴትዮ፣ ያቺ የነምበር ቱዋ ናት መሰለኝ፣ በር ላይ ስታገኘኝ በዙሉ ሰላምታ «ሳውቦና፣ የዕዳሽስ ነገር?» ማለት ጀመረች።

መግለጫው ሲመጣ ግን እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ስሜ አለ፤ ሳሙናው አለ፤ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛኋት የተገነጠለች ሰዋስው አለች፤ ከሥር ድምሩ። ከቀኑ በፊት ሙሉውን ከፈልኩ። ሚዛኔን ጠብቄ ነው፤ ከፈቀዱልኝ ጥቂቱን ብቻ እየነካሁ፣ በሚቀጥለው ወር ደግሞ እንደዚያው። እኛ ሰው ሲያበላን «ብድር መላሽ ያድርገኝ» ብለን እንመርቃለን። ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ! ብድር ለመመለስ መጀመሪያ መበደር እንደሚያስፈልግ ግን ያስተማረኝ ሳሙና ነው።

የበሽታው ሦስተኛ ማዕበል ከተማውን መትቶ ወራቱ እንደምንም አለፉ። ሐጂ ታመው ተነሡ። ደንበኛዋ ያረፈችባት ጎረቤቴ ለሳምንት ፀጉር አልነካችም፤ እኔም በኮምፔንሳቶው በኩል አነበብኩላት፤ ምን እንዳነበብኩላት ትዝ አይለኝም፣ ስታለቅስ ማቆሜን ብቻ አስታውሳለሁ። እንደዚያ ያሉ ቀኖች ነበሩ። ዕዳዬንም በዚያ ሁሉ መሐል በወሩ በወሩ ከፈልኩ።

ፈተናው ሲቃረብ ሦስተኛ ጊዜ ኤጀንቷ ዘንድ ሄድኩ። ያ መጀመሪያ ያንኳኳሁት ክፍል ከተያዘ ቆይቷል፤ እዚያው ሕንፃ ላይ ግን አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ ሌላ ተለቆ ነበር። ኮምፒውተሯን ነካካች። እኔ የማየው ስክሪኑን ሳይሆን ፊቷን ነው። ፊቷን አላስጠጋችም። ይልቅ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው፤ ወር በወር፣ አረንጓዴ በአረንጓዴ ተደርድሯል።

«ሲሲ» አለች፣ «አለሽ።»

ግድግዳውን ለማንኳኳት ወጣሁ። ደፍን ነው።

ሐጂ ለቤቱ ሁለት ብርድ ልብስ ሰጡኝ። ሊሸኙኝ በር ድረስ ወጡና ማንም እንዳይሰማቸው ግራ ቀኝ አይተው፣ «ያቺን… ያቺን ዱቤ የምትሰጠውን ካርድ፣ ለእኔም ይሰጡኛል?» አሉኝ። «መያዣ ካስያዙ ይሰጡዎታል፣ ሐጂ።» «አስይዛለሁ። ብቻ ወረቀቱን አንቺ ታነቢልኛለሽ።» «አነብልዎታለሁ። አስቀድመው እንዳይሞሉት ብቻ።» «ሞኝ ነኝ እንዴ?» አሉ።

ጎረቤቴ ዕቃዬን ተሸክማ እስከ ኬንሲንግተን መጣች፤ ምግብ አብስላ ነበር፣ ከበላን በኋላ «ብድር መላሽ ያድርገኝ» አልኳት። «አሁንማ ትችዪበታለሽ» አለች። ስትወጣ በሩን ከውጭ ሆና ዘጋችው። የሚሄድ ኮቴዋን ልሰማ ጆሮዬን አቀናሁ። አልሰማሁትም። ጡብ ነው።

የፈተናው ዕለት ተቆጣጣሪው ፕሮግራም፣ ድምፅ መቅዳቱን እንዳረጋግጥ አንድ ነገር ተናገሪ አለኝ። ምን እንደምል አላዘጋጀሁም ነበር። «አለሁ» አልኩት። ተቀበለኝና ጀመርን። እንዲህ ያለ ጸጥታ በሕይወቴ አላውቅም፤ የራሴን ዓይን መርገብገብ የምሰማ መሰለኝ። ወደ መጨረሻው አካባቢ አስነጠሰኝ። ሳላስበው ብዕሬን አንሥቼ ጠበቅኩ። ከማዶ ማንም ምንም አላለም። ግድግዳውን አየሁት፤ ግድግዳው ነው። ወደ ጥያቄዬ ተመለስኩ፤ መልሱ፣ ለነገሩ፣ አራተኛው ነበር።

ጨርሼ እንደላክሁ ጎረቤቴ ዘንድ ደወልኩ።

«እንዴት ነበር፣ ዶክተር?»

«ጸጥ ያለ። አስነጥሶኝ ነበር።»

«ይማርሽ!»

«ያኑርሽ» አልኩ።

ስልኩን ሳስቀምጥ ከባንኩ መልእክት ገብቶ አገኘሁ፤ ለአዲሱ ቤት የገዛኋት የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ዕዳ እንዳለብኝና መክፈያው ቀን መቼ እንደሆነ ያስታውሰኛል። እጄ ልማዱን አልተወም፤ ልከፍል ስልኩን ዳግም አነሣሁ። ቀኑን አየሁት። ገና ነው። ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩና፣ በዕዳዋ ማንቆርቆሪያ ውኃ ጣድኩ።